የቆመ ሎኮሞቲቭ ከውስጥ ነው የሚያልቀው

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙዚየም ባለሙያዎችና የባቡር ወዳጆች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

በሙዚየም ውስጥ የቆመ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። የሰው ቁመት የሚያህሉ መንኮራኩሮች፣ ጥቁርና አንጸባራቂ ገላ፣ ተወልውሎ የሚያበራ የነሐስ ሰሌዳ ይታያሉ። ጎብኚው ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ቀለሙ ደህና እስከሆነ ድረስ ሎኮሞቲቩም ደህና ይመስለናል። ለእንክብካቤ የሚመደበው ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በቀለም ነው። ዛሬ የምንለው ግን ይህ ነው፦ የቆመ ሎኮሞቲቭ የሚያልቀው ከውስጥ ነው፤ የሚጨርሰውም ውሃ ነው። ውሃው የሚደበቅበትን ቦታ ለይቶ የሚያውቅ ጠባቂ ያለው ሎኮሞቲቭ መቶ ዓመትም ይቆያል። በየሦስት ዓመቱ ቀለም ብቻ የሚቀባ ግን ያማረ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል።

በሥራ ላይ የነበረ ጊዜ ጥበቃው ከሥራው ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። ስለሚሞቅ ይደርቃል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ዘይት ይጠጣል። አመዱ በየዕለቱ ይጠረጋል፤ ውሃው የሚፈላበት ትልቁ ጋን፣ ቦይለሩም፣ በየተወሰነው ቀን ይታጠባል። እሳቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠፋ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቆማል። በዚያ ቀን ውስጡ የቀረው ውሃ፣ አመድና ጥላሸት ካልወጣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው እሱ ነው።

ውሃው የት እንደሚደበቅ ለማወቅ አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው። ከኋላ እንጀምር። ነጂው ከሚቆምበት ክፍል ፊት ለፊት የእሳት ሳጥኑ አለ። ሳጥኑ በግራና በቀኝ፣ በፊት፣ በኋላና በጣሪያው ላይ በውሃ የተከበበ ነው። በውስጠኛውና በውጨኛው ግድግዳ መካከል ያለው የውሃ ክፍተት ከአንድ ስንዝር የጠበበ ነው። ሁለቱን ግድግዳዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ አጫጭር ደጋፊ ብሎኖች አያይዘው ይይዟቸዋል። እነሱ ባይኖሩ ጠፍጣፋው ላሜራ ግፊቱን አይችለውም ነበር። በብዙ የአውሮፓ ሎኮሞቲቮች ይህ ሳጥን ከመዳብ የተሠራ ሲሆን በአሜሪካዎቹ ግን ብረት ነው። ለዝገት ጉዳይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ መዳብና ብረት በእርጥበት ከተገናኙ ብረቱ ቶሎ ይበላል።

ከሳጥኑ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በቦይለሩ ሆድ ውስጥ በተዘረጉ ቱቦዎች እያለፈ ውሃውን ያፈላል። እ.ኤ.አ. በ1829 በእንግሊዝ ሬይንሂል በተደረገው የሎኮሞቲቮች ውድድር ያሸነፈው «ሮኬት» የተባለው የስቲፈንሰን ሎኮሞቲቭ 25 የመዳብ ቱቦዎች ነበሩት። ከዚያ በፊት የነበሩት ሎኮሞቲቮች ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰፋፊ ቱቦ ብቻ ስለነበራቸው አብዛኛው ሙቀት በጭስ ማውጫው ይባክን ነበር። የኋለኞቹ ሎኮሞቲቮች ቱቦ ከመቶ በላይ ደርሷል። ጋዙ ከቱቦዎቹ ወጥቶ ከፊት ወዳለው የጭስ ሳጥን ይገባል። እዚያ ደግሞ ፒስተኑ ከሚመላለስበት ሲሊንደር ሥራውን ጨርሶ የሚወጣው እንፋሎት በጠባብ አፍ ወደ ጭስ ማውጫው ሲተኮስ ጭሱን ጎትቶ ይዞት ይወጣል፤ እሳቱም በዚያው ኃይል አየር ይስባል። ባቡሩ በፈጠነ ቁጥር እሳቱ የሚጋለው በዚህ ምክንያት ነው። ያለ ማራገቢያ፣ ያለ ሞተር፣ የጭነቱን ልክ እያወቀ ራሱን የሚያስተካክል እሳት! እኛ ከሎኮሞቲቩ ክፍሎች ሁሉ የምናደንቀው ይህን ነው፤ ለጎብኚም ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት ይመስለናል።

ሲሊንደሮቹን በተመለከተ፣ በአብዛኛው ሁለት ናቸው፤ እንፋሎት ፒስተኑን ከሁለቱም በኩል ይገፋዋል። የግራና የቀኝ ቢዬላዎች (የፒስተኑን ግፊት ወደ መንኮራኩሩ የሚያደርሱት ዘንጎች) መንኮራኩሩን የሚይዙበት ፒን በ90 ዲግሪ ይለያያል፤ ስለዚህ አንዱ ወገን የመገፋት አቅም በሌለው ነጥብ ላይ ሲደርስ ሌላው ሙሉ ኃይል ላይ ነው። መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ «ቹፍ» የሚለውም ለዚህ ነው። ሦስት ሲሊንደር ካለው ድምፁ ስድስት ይሆናል። ዮርክ በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ለእይታ የቀረበው ማላርድ የተባለው ሎኮሞቲቭ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ የእንፋሎት ባቡር የፍጥነት ክብረ ወሰን ይዟል። የሚነዱት መንኮራኩሮች ዲያሜትራቸው ሁለት ሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት በሴኮንድ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይዞሩ ነበር ማለት ነው። በዚያው ሩጫ የመካከለኛው ሲሊንደር ቢዬላ ትልቁ ራስ ግሎ ብሮንዚናው (ዘንጉ የሚዞርበት የብረት ማረፊያ) ተበላሽቷል። ሰሌዳው ላይ ፍጥነቱን ብቻ ጽፎ ይህን መተው ታሪኩን ማጉደል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ውሃው የሚደበቅባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ቦይለሩ ራሱ ነው። «ውሃው ፈስሷል» የሚል መዝገብ ብዙ አያስተማምንም። ዋናው መውረጃ ሲከፈት ብዙው ውሃ ይወጣል፤ በእሳት ሳጥኑ ግድግዳዎች መካከል ግርጌ ላይ ግን የተወሰነ ይቀራል። እዚያ ታች ለዓመታት የተጠራቀመ ጭቃና የኖራ ቅርፊት አለ፤ ይህም እርጥበትን ይዞ ያቆያል። ስለዚህ በሳጥኑ አራቱም ማዕዘኖችና በቦይለሩ ሆድ ሥር ያሉት የማጠቢያ ክዳኖች ሁሉ መፈታት አለባቸው። ጭቃው በረጅም ዘንግ ተቆስቁሶ በውሃ ግፊት ይወጣል። ከዚያ ቶሎ መድረቅ አለበት፤ በአንዱ ክዳን ቀዳዳ ሞቅ ያለ አየር እየተነፋ በሌሎቹ እንዲወጣ ይደረጋል። ሥራው ማለቁን የምናውቀው ከሚወጣው አየር ነው። በሚወጣበት ቀዳዳ የእርጥበት መለኪያ ያዙ፤ የሚወጣው አየር እርጥበት ከሚገባው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ አታቁሙ።

ከደረቀ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አዳራሹ ደረቅ ከሆነ ክዳኖቹን ሳይገጥሙ ቀዳዳዎቹን ነፍሳትና አይጥ በማያስገባ ወንፊት ሸፍኖ አየር እንዲዘዋወር መተው ይቻላል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ውስጡ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ማስቀመጥ ይሻላል። ሲሊካ ጄሉ ግን በሣህን ሆኖ መግባት አለበት፤ ከብረቱ ጋር መነካካት የለበትም። ቀለሙ ሲለወጥ እየተነሣ በምድጃ በ110 እና 120 ዲግሪ መካከል ደርቆ ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው በግማሽ የተዘጋ ቦይለር ነው፤ እርጥብ አየር ይገባል፣ አይወጣም።

ሁለተኛው ቦታ የእሳቱ ወገን ነው፤ እኛ የምንፈራው ይህንን ነው። የድንጋይ ከሰል ድኝ አለው። ድኙ በአመድና በጥላሸት ውስጥ ይቀራል፤ እርጥበት ሲያገኝ ወደ አሲድነት ይለወጣል። በጭስ ሳጥኑ ወለል ላይ የቀረ አንድ ጣት ውፍረት ያለው የአመድ ሽፋን፣ በጭስ ማውጫው የሚገባ የዝናብ ውሃ ሲጨመርበት፣ ላሜራውን በጥቂት ዓመታት ይበሳዋል። ደጅ ከቆሙ ሎኮሞቲቮች መካከል የጭስ ሳጥናቸው ወለል በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ብዙ አሉ፤ ከውጭ ግን ቀለሙ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ስለዚህ የጭስ ሳጥኑ በር ይከፈት፤ ወለሉ እስከ ብረቱ ይጠረግ። እያንዳንዱ ቱቦ በልኩ በተሠራ የሽቦ ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር ይገፋ። አንድም ሳይዘለል መሆኑን ለማወቅ ያለቀውን ቱቦ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ቱቦዎቹ የሚሰኩበት ወፍራም ላሜራ የታችኛው ክፍል፣ የእሳት ሳጥኑ ግድግዳ ከሰሉ ከሚነድበት ፍርግርግ በታች ያለው ክፍልና የአመድ መያዣው ማዕዘኖች በመፋቂያ መጽዳት አለባቸው፤ አመድ የሚጋገረው እዚያ ነው። ፍርግርጉን የሚሠሩት የጊዛ (ቀልጦ የተቀዳ ብረት) ዘንጎች ከተነሡ ሥራው ይቀላል። ስትመልሷቸው ቅደም ተከተላቸው እንዳይጠፋ ቁጥር ስጧቸው። ጭስ ማውጫው ላይ ደግሞ ክዳን ይደረግ፤ ነገር ግን ክዳኑ ከአፉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በእግር የቆመ ይሁን። ዝናቡ ይቀራል፣ አየሩ ያልፋል።

ሦስተኛው ከመንኮራኩሮቹ ጋር ያለው ነው። መንኮራኩሮቹን የሚያገናኘው ዘንግ፣ አክስሉ፣ በሚያርፍባቸው ሳጥኖች ሥር ዘይት የሚይዝ ቋት አለ። ዝናብ ወይም የእጥበት ውሃ በክፍተቱ ይገባል፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል። ከላይ ያየ ሰው ዘይት ሞልቷል ይላል። ውሃው ሲጨምር ዘይቱን ወደ ላይ ገፍቶ እስከ አክስሉ ድረስ ይደርሳል፤ አክስሉም አንድ ወገኑ ብቻ ዝጎ ይጎደጉዳል። በየስድስት ወሩ ከቋቱ ግርጌ በቀጭን ቱቦና በመምጠጫ ናሙና ይወሰድ፤ በጠርሙስ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ሲቆም ውሃው ከታች ይለያል። ካለ ቋቱ ፈስሶ ይታጠብ፤ አዲስ ዘይት ይሞላ።

ሲሊንደሮቹም እንዲሁ ናቸው። ከሥራቸው ያሉት የውሃ ማውጫ ቧንቧዎች ሁልጊዜ ክፍት ይሁኑ። የፒስተን ቀለበቶች ለዓመታት አንድ ቦታ ከቆሙ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ይጣበቃሉ። በላይ ባለው ቀዳዳ ወፍራም የሲሊንደር ዘይት አፍስሶ ሎኮሞቲቩን በዓመት ጥቂት ጊዜ ሩብ ዙር ያህል ማንቀሳቀስ በጣም ይረዳል፤ ዘይቱም ይዳረሳል፣ ብሮንዚናዎቹም በአንድ ነጥብ ላይ ተጭነው አይቀሩም። ለዓመታት ሳይነቃነቅ የቆየ ሎኮሞቲቭ ከሆነ ግን በትራክተር ለመጎተት አትቸኩሉ። የተጣበቀ ፒስተን በጉተታ ሲላቀቅ ቀለበቱ ይሰበራል፣ ሲሊንደሩ ይጫራል፤ ቢዬላውም ሊጣመም ይችላል። መጀመሪያ የሲሊንደሩ የፊት ክዳን ተፈትቶ ይታይ፤ ካስፈለገ ዋናው ቢዬላ ወርዶ መንኮራኩሮቹ ብቻ እንዲዞሩ ይደረግ። የሁለቱ ወገን ብሮንዚናዎች፣ ሮንዴላዎችና ሽብልቆች አይቀላቀሉ፤ በአንድ ሎኮሞቲቭ ላይ የተለማመዱ ዕቃዎች ወገን ቢለዋወጡ ልካቸው አይገጥምም።

የውሃ ታንኩና የከሰል ቋቱ ብዙ ማለት አያስፈልጋቸውም፦ ሁለቱም ባዶና ደረቅ ይሁኑ። ለጎብኚ ይታይ ተብሎ ከሰል መተው የተለመደ ነው፤ ክፉ ልማድ ነው። የእርጥብ ከሰል ድኝ ወለሉን ይበላዋል። ከሰል መታየት ካለበት ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት ርብራብ ላይ ስስ ሽፋን ይበቃል፤ ከሥሩ አየር ይለፍ።

የመጨረሻው መደበቂያ በቦይለሩና በውጨኛው ቀጭን ላሜራ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጎብኚው ቦይለር ነው ብሎ የሚያየው ይህን ላሜራ ነው፤ እውነተኛው ቦይለር ከሥሩ ነው። በመካከሉ ሙቀት የሚይዝ ልባስ አለ። ልባሱ አንዴ ውሃ ከጠጣ ለወራት አይደርቅም፤ ቦይለሩም በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደሚኖር ሰው ይሆናል። ውሃ የሚገባው ደግሞ በላሜራው መጋጠሚያዎች፣ በእንፋሎት ጉልላቱ ግርጌና በደህንነት ቫልቮቹ ዙሪያ ነው።

ስለ አስቤስቶስና ስለ እርሳስ

እዚህ ላይ ቆም ብለን ጠንከር አድርገን የምንናገረው አለ። ያ ልባስ በብዙ አሮጌ ሎኮሞቲቮች አስቤስቶስ፣ ሙቀት የሚችል የማዕድን ቃጫ፣ ነው። በጭስ ሳጥኑ በር ዙሪያ ያለው ገመድ፣ የቧንቧዎች ጥቅልል፣ የሲሊንደር መሸፈኛው፣ የመጋጠሚያ ጋስኬቶችም እንዲሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ቃጫው ሲተነፈስ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ በሽታው የሚገለጠው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በዓይን ወይም በቀለም መለየት አይቻልም፤ ነጭ የሆነ ሁሉ «ነጭ» የሚባለው የአስቤስቶስ ዓይነት አይደለም፣ ግራጫ የሆነም ሁሉ ደህና አይደለም። ከመንካት በፊት በሠለጠነ ሰው ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመርመር። አለ ከተባለ በመጥረጊያ አይጠረግ፣ በተራ የአቧራ መምጠጫ አይመጠጥ፣ በግፊት አየር አይነፋ። ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ያውጡት፤ እስከዚያ ላሜራው ሳይከፈት፣ ክፍተቱ ሳይነካ ይቆይ። በፍቅር የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችን ለዚህ አደጋ ማጋለጥ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

አሮጌ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ ብረት ላይ የሚቀባው ቀይ የመጀመሪያ ቀለም። በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ወይም በእሳት ማቃጠል ዱቄቱንና ጭሱን ለሠራተኛው ያስተነፍሰዋል። እርጥብ አድርጎ መፈግፈግ፣ ተገቢ የትንፋሽ ጭንብል ማድረግ፣ የወጣውን ሁሉ ሰብስቦ በተለየ ዕቃ መያዝ ያስፈልጋል።

ጤዛና አዳራሽ

«የእኛ ሎኮሞቲቭ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ውሃ አያገኘውም» የሚል ካለ የሚከተለውን ይስማ። በአሥሮች ቶን የሚመዘን ብረት ከአየሩ በጣም ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ሌሊት ቀዝቅዞ ያደረው ገላው ጠዋት አሥር ዲግሪ ላይ ሊሆን ይችላል። አየሩ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 60 በመቶ ከሆነ ጤዛ መውረድ የሚጀምረው 12 ዲግሪ ላይ ነው። የአዳራሹ በር በዚያ ጠዋት ሲከፈት ሎኮሞቲቩ በሙሉ፣ ከውስጥም ከውጭም፣ በስስ ውሃ ይሸፈናል። ማንም አያስተውለውም፤ እስከ እኩለ ቀን ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ቀን ይደገማል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ የአየር ሙቀትና እርጥበት መለኪያ፣ አንድ የብረት ሙቀት መለኪያ ይበቃል። የብረቱ ሙቀት የሚለካው ወፍራም ከሆነው ቦታ፣ ለምሳሌ ከመንኮራኩሮቹ መካከል ከሚያልፈው ዋናው የጎን ብረት ላይ ነው፤ ቀጭኑ ላሜራ ቶሎ ስለሚሞቅ ያሳስታል። ብረቱ ከጤዛው ነጥብ በታች ከሆነ በሩ ይዘጋ፤ በላይ ከሆነ ይከፈት። እርጥበትን ከ50 በመቶ በታች ማድረግ የተቻለበት አዳራሽ ዝገትን በእጅጉ ያዘገያል።

ደጅ ለቆመው ከሁሉ የሚበልጠው እንክብካቤ ጣሪያ ነው። ግድግዳ ባይኖረውም፣ ጎኖቹ ክፍት የሆኑ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ያህል የሚተርፍ ጣሪያ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። በሸራ ወይም በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ግን እርጥበቱን ከውስጥ ያፍናል። የቆመበት ሐዲድም መታየት አለበት፦ ተጋዳሚዎቹ ሲበሰብሱ ሐዲዱ በአንድ ወገን ይሰምጣል፤ ክብደቱ በጥቂት መንኮራኩሮችና ሞላዎች ላይ ይወድቃል። ጠጠሩ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ሣር ከሥሩ አይብቀል። ፍሬኑ ይይዛል ብላችሁ አትመኑ፤ የአየርም ሆነ የቫኪዩም ፍሬን ሎኮሞቲቩ ሥራ ላይ ካልሆነ አይሠራም። የእጅ ፍሬኑ ተጠብቆ መንኮራኩሮቹ በሁለቱም አቅጣጫ በሽብልቅ ይታገቱ።

ስለ ቀለምና ስለ ማስረጃ

ቀለም አያስፈልግም አላልንም። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ግን መሸፈኛ እንጂ መከላከያ አይደለም። ዝገት ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሰፋ ቦታ ይይዛል። በሁለት ላሜራ መካከል ሲያድግ ላሜራውን ገፍቶ ያሳብጠዋል፣ ሪቬት ይበጥሳል። ቀለም ውስጥ ያበጠ መስመር ስታዩ ከሥሩ ይህ እየተካሄደ ነው። ቅባቱ በማሟሟቻ ይጽዳ፤ ዝገቱ እስከ ብረቱ ይፋቅ፤ የመጀመሪያው ፀረ ዝገት ቀለም በዚያው ቀን፣ ብረቱ ሳይረጥብ ይቀባ። ማታ ተፍቆ ጠዋት የሚቀባ ብረት አዲስ ዝገት ይዞ ያድራል።

ከመፋቃችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከነጂው ክፍል መስኮት ሥር፣ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ቀለሙን በስለት ደረጃ በደረጃ እየላጣችሁ እያንዳንዱን ሽፋን እንደ ደረጃ አሳዩ። ሎኮሞቲቩ በየዘመኑ የለበሰው ቀለም ሁሉ እዚያ ተደርድሮ ይወጣል። ፎቶ ከመለኪያ ጋር ይነሣ፣ ቦታውም ሳይፋቅ ይቀመጥ። በአሸዋ ግፊት ሁሉንም ያጸዳ ሙዚየም ይህን መዝገብ ለዘለዓለም ያጣዋል።

የተመቱ ቁጥሮችም እንዲሁ ማስረጃ ናቸው። በቢዬላዎች ጫፍ፣ በቫልቭ ማንቀሳቀሻ ዘንጎች፣ በአክስል ጫፍ ላይ የተመታው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከነሐስ ሰሌዳው ቁጥር ይለያል። በጥገና ፋብሪካ ከእህት ሎኮሞቲቭ የተወሰደ ዕቃ ነው ማለት ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፣ የሥራ ታሪኩ ነው። ሮኬት ራሱ በውድድሩ ጊዜ ከፍ ብለው ያዘመሙ የነበሩት ሲሊንደሮቹ በኋላ ወርደው ወደ አግድም ተጠግተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ወደ ሙዚየም የገባው የተለወጠው ማሽን ነበር። ስለዚህ «ወደ መጀመሪያ መልኩ እንመልሰው» ከማለት በፊት የትኛውን ዘመን እንደምትደመስሱ ማወቅ አለባችሁ። የነሐስ ሰሌዳዎችንም በየሳምንቱ በመወልወያ አትፈግፍጉ፤ እያንዳንዱ ውልወላ ከፊደሉ ጥቂት ይወስዳል። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አጽድቶ ሰም መቀባት ይሻላል።

እንደገና ይንቀሳቀስ ወይ?

ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። መልሱ በስሜት መሰጠት የለበትም። ይቻላል፤ ታላቁ ምሳሌ የአሜሪካው የባቡር ኩባንያ የዩኒየን ፓሲፊክ ሎኮሞቲቭ፣ ቢግ ቦይ 4014 ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ተሠርቶ ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ በካሊፎርኒያ ፖሞና ለእይታ ለአሥርት ዓመታት ቆመ። በ2013 የባቡር ኩባንያው መልሶ ወሰደው፤ በ2019 እንደገና በራሱ እንፋሎት ተንቀሳቀሰ። ያ የሆነው ግን የራሱ ጋራዥ፣ የሙሉ ጊዜ ባለሙያና የኩባንያ በጀት ስላለ ነው። ደረቁ የፖሞና አየርም ረድቷል።

ቦይለር መፍረድ የሚቻለው በመለካት ነው። የላሜራው ውፍረት በአልትራሳውንድ መለኪያ በተሰመረ ፍርግርግ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ይለካል፤ በተለይ የታችኛው ሆድ፣ የእሳት ሳጥኑ ማዕዘኖችና የሪቬት መስመሮች አካባቢ። ደጋፊ ብሎኖቹ አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታሉ፤ የተሰበረው ድምፁ ይደነግዛል። ቀጥሎ ቦይለሩ ምንም አየር ሳይቀርበት በውሃ ተሞልቶ እንደ አገሩ ደንብ ከሥራ ግፊቱ 1.25 እስከ 1.5 እጥፍ ይፈተናል። ፈተናው በውሃ የሚሆነው ውሃ ስለማይጨመቅ ነው፤ ላሜራው ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። በአሜሪካ ደንብ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በ1,472 የአገልግሎት ቀን ወይም በ15 ዓመት፣ ቀድሞ በመጣው፣ ተፈትቶ ይመረመራል።

ይህ ጥብቅነት ከንቱ አይደለም። በ14 ባር ግፊት የሚሠራ ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ 198 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ግፊቱ በድንገት ከጠፋ ከውሃው ከፊሉ ወዲያው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። ከሁሉ የሚፈራው የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ውሃ ሲጎድልበት ነው፤ ብረቱ ግሎ ይለሰልስና ግፊቱ ወደታች ይቀደዋል። ለዚህ ነው ጣሪያው ላይ እርሳስ የያዘ መክደኛ የሚደረገው፤ እርሳሱ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጥና እንፋሎቱ ወደ እሳቱ እየተኮሰ ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1995 በፔንሲልቬንያ ጋርድነርስ አጠገብ በጌቲስበርግ የባቡር መሥመር ላይ መንገደኞችን ይጎትት የነበረው ሎኮሞቲቭ 1278 ጣሪያው ተቀዶ ሦስት ሠራተኞች ተቃጥለዋል። ምክንያቱ የውሃ ማነስ ሲሆን የውሃ መጠን ማሳያው መስተዋት መተላለፊያዎች በቅርፊት ተደፍነው ነበር። ሎኮሞቲቩ ዛሬ በኦሃዮ ግዛት በአንድ የእንፋሎት ባቡር ሙዚየም ለእይታ ቆሟል።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ከአንድ ዓይነት ብዙ የቀሩ ከሆነ አንዱ ይሥራ፤ አንድ ብቻ የቀረ ከሆነ ይቁም። ማሠራት ማለት ቱቦውን፣ ብሎኑን፣ የሳጥኑን ግድግዳ፣ አንዳንዴም ቦይለሩን በሙሉ መለወጥ ነው። ያልተለወጠው የሚሰጠው እውቀት የሚተካ አይደለም።

ድምፁንና እንቅስቃሴውን ለጎብኚ ማሳየት ከተፈለገ ሌላ መንገድ አለ። ፊሽካው ከቦይለሩ ተፈትቶ በተለየ ቧንቧ ለብቻው ከአየር መጭመቂያ ጋር ሊገናኝ ይችላል። መንኮራኩሮቹ ከሐዲዱ በክሪክ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተነሥተው፣ ክብደቱ በተሠሩ ድጋፎች ላይ አርፎ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ቀስ ብለው እንዲዞሩ ማድረግም ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ፒስተኖቹና ቫልቮቹ መቀባታቸው፣ የሲሊንደር ውሃ ማውጫዎቹም ክፍት መሆናቸው ይረጋገጥ። ዙሪያው በአጥር ይከለል፤ የሚዞር ቢዬላ ጣት አይምርም። የታመቀ አየር ወደ ቦይለሩ ውስጥ ማስገባት ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድ። ውፍረቱ ባልተለካ ቦይለር ውስጥ አምስት ባር አየር እንኳ ብዙ ኃይል ያከማቻል፤ አየር ደግሞ እንደ መፈተኛው ውሃ አይደለም፤ ላሜራው ሲሰነጠቅ ሰፍቶ ይፈነዳል። ይህንን በሎኮሞቲቩ የጥገና መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጠባቂ በዚህ አዳራሽ አልነበረምና።